ምርጥ ምድጃን በማድቤት መትከል፦ ከጭስ ማውጫው እስከ አመዱ

እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው። ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይላል። "ምን ሆንሽ?" ስንላት "ጭሱ ነው፣ አሁን ይተወኛል" ትላለች። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ብርዱን ለመከላከል የማድቤቱ በር ይዘጋል፣ በሩ ሲዘጋ ጭሱ እዚያው ይቀራል። ሳሏ እስከ ማታ አይለቃትም። እኛ ልጆቹ የእንጀራ ቀን ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብለን ተቀብለነው ነበር።

ኋላ ጉልቻውን አንስተን ምርጥ ምድጃ አስገባንላት። በመጀመሪያው ቀን ማገዶው ቀነሰ፣ ነበልባሉም ከእግሯ ራቀ። ጭሱ ግን ቤቱን ሞላው። ምድጃ ገዛን እንጂ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ማናችንም አላሰብንም። የጭስ ማውጫ ካስተከልን በኋላም አንድ ጊዜ አፍርሰን እንደገና መሥራት ነበረብን። እናንተ ሁለት ጊዜ እንዳትለፉ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደሚከተለው ልንገራችሁ። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ መጀመሪያ የጭሱን መንገድ አስቡ፣ ቀጥሎ ምድጃውን።

ምርጥ ምድጃ ምንድን ነው?

ምርጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እዚሁ አገራችን ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ነው። የሚመረተው ከሲሚንቶና ከፑሚስ፣ ማለትም ከዚያ ቀላልና ቀዳዳ ከበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የተለመደው ዓይነት ስድስት ቁራጮች አሉት። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከም ክብ ይሠራሉ። ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጭሱ የሚወጣበትንና ድስት የሚጣድበትን ቦታ ይሠራሉ። እሳቱ በግድግዳ ስለተከበበ ሙቀቱ ወደ ምጣዱ ይሄዳል እንጂ በየአቅጣጫው አይበተንም። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

ምድጃው ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህን ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። በዚያ ጭስ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ደግሞ እናቶችና በጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው።

ቦታውን መምረጥ

ማድቤቱ ከመኝታው ተነጥሎ ቢሠራ የተሻለ ነው። ካልተቻለ ቢያንስ በመካከል ያለው በር የሚዘጋ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ግን በረንዳ ላይም ሆነ ደረጃ ሥር ማገዶ አታንድዱ። ከላይ ያለው ጎረቤት ጭሱን ይተነፍሳል። እሳት ቢነሳ ደግሞ ሁሉም የሚወርድበት መንገድ ይዘጋል።

ምድጃውን ከበሩ ፊት ለፊት አታድርጉት። ከበሩ የሚገባው ነፋስ ነበልባሉን ወደ ጋጋሪዋ ይገፋዋል። ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ጠጋ ያለ ቦታ ይሻላል፣ የጭስ ማውጫውም መንገድ ያጥርለታል። መስኮት ከሌለ ክፈቱ። ከጣሪያው ሥር ሁለት ክንድ ያህል የሚረዝም ክፍተት እንኳ ብዙ ይረዳል። ማውጫ ቢኖርም እሳቱ አየር ይፈልጋል፣ ቤቱ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ጭሱ ይመለሳል።

ከማገዶ ማስገቢያው ፊት ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ወለል ባዶ ይሁን። ጭራሮ፣ ጆንያ፣ ኩበት፣ መጥረጊያ እዚያ አይቀመጥም። ፍንጣሪ የምታርፈው እዚያ ነው። ወለሉም አፈር፣ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ይሁን፣ ፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ አንሱት። ወደ ላይም ተመልከቱ። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ኮርኒስ ያለበት ማድቤት ውስጥ እሳት መንደድ የለበትም። ቀድማችሁ ቅደዱትና አውጡት።

መደቡ

ምድጃውን መሬት ላይ አታስቀምጡት። ከድንጋይና ከጭቃ ወይም ከብሎኬት መደብ ሥሩለት። ቁመቱ በጋጋሪዋ ይወሰን። ቆማ የምትጋግር ከሆነ ከ50 እስከ 60 ሳ.ሜ. ጥሩ ነው፣ ወገቧ ያርፋል፣ ድክ ድክ የሚል ሕፃንም በቀላሉ አይደርስበትም። እናቴ ተቀምጣ መጋገር ስለለመደች ዝቅ አድርገን ሠራንላት። በስድስት ወሩ ከፍ አድርጉልኝ አለች።

መደቡ ከምድጃው በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ያህል ይትረፍ። ውኃ ልክ ይያዝለት። መደቡ ካዘመመ ምጣዱም ያዘማል። ያኔ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ እንጀራውም ግማሹ ወፍራም ግማሹ ስስ ይሆናል። ጭቃው እስኪደርቅ ጠብቁ። ምድጃው ከባድ ስለሆነ እርጥብ መደብ ላይ ካረፈ ይሰምጣል።

ምድጃውን መግዛትና መገጣጠም

ወደ ገበያ ስትሄዱ የምጣዳችሁን ስፋት ለክታችሁ ሂዱ። ብዙው ምጣድ ከ55 እስከ 60 ሳ.ሜ. ይሆናል፣ ግን በግምት አትግዙ። ቁራጩን በጣታችሁ አንኳኩ፣ ጠርዙንም በጥፍራችሁ ፋቁት። ዱቄቱ በቀላሉ ከተፈረፈረ ወይ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይ ውኃ ሳይጠጣ ደርቋል። ሲሚንቶ ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት። መቼ እንደተሠራ ሻጩን ጠይቁት። ትናንት የወጣ ከሆነ ወር እስኪሞላው ጥላ ሥር አስቀምጡት እንጂ እሳት አታሳዩት።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። መጀመሪያ በደረቁ ገጣጥማችሁ ምጣዱን ከላይ አስቀምጡና ሞክሩ። ከተስማማ አንሱትና መጋጠሚያዎቹን በጭቃ ያዙ። ጭቃው አመድ ይቀላቀልበት፣ ስንጥቁ ይቀንሳል። ምጣዱ የሚያርፍበትን ጠርዝ ዙሪያውን በዚሁ ጭቃ ድፈኑት። በዚያ ክፍተት የሚወጣው ጭስ ቀጥታ ወደ ጋጋሪዋ ፊት ነው የሚሄደው። ምጣዱ በተነሳ ቁጥር ይህ ድፍን ይላቀቃል። ስለዚህ ትንሽ የጭቃ ዕቃ ማድቤት ውስጥ ይኑራችሁ።

የጭስ ማውጫው

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። ብዙ ሰው ምድጃው ላይ ገንዘብ ያወጣና ማውጫው ላይ ይቆጥባል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ።

ምድጃው ከኋላ ያለው ቀዳዳ አንድ ከሆነ "ድስቱን ልጣድ ወይስ ቧንቧውን ልትከል?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ቧንቧውን ትከሉ። ሽሮውን ሌላ ቦታ ማብሰል ይቻላል።

ቧንቧው ከላሜራ ይሠራል። ስፋቱ ከ12 እስከ 15 ሳ.ሜ. ይሁን፣ ከምድጃው የጭስ ቀዳዳ ግን አይጥበብ። ከምድጃው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ሜትር ዚንክ ያልተቀባ ወፈር ያለ ጥቁር ላሜራ ይሁን። ዚንክ ክፉኛ ሲግል የሚወጣው ጢስ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ስስ ቆርቆሮም በዚያ ሙቀት ቶሎ ይበላል። ከእሳቱ እስከ ቧንቧው ጫፍ ያለው ጠቅላላ ቁመት ከ3 ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ረጅም ቧንቧ ጭሱን በደንብ ይስባል። በተቻለ መጠን ቀጥ ይበል። ክርን ግድ ከሆነ ከሁለት አይብለጥ፣ ቀጥ ባለ ማዕዘንም ሳይሆን ገደድ ብሎ ይታጠፍ። ጭስ በጋደመ ቧንቧ ውስጥ ይተኛል። በተኛበት ደግሞ ጥቀርሻ ይጥላል።

ቧንቧዎቹ ሲቀጠሉ የላይኛው በታችኛው ውስጥ ይግባ። ከውስጥ የሚወርደው እርጥበትና ጥቀርሻ በመጋጠሚያው በኩል ወደ ውጭ እንዳይንጠባጠብ ነው። በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን ይታሰርበት።

አሁን ወደ አደገኛው ቦታ እንምጣ፦ ቧንቧው ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን የሚያልፍበት። ሙቀት መከላከያ ያልለበሰ የጋለ ቧንቧ ከእንጨት ቢያንስ 45 ሳ.ሜ. መራቅ አለበት። እንጨት ነበልባል ባይነካውም ለወራት ሲግል ውስጡ እየደረቀ፣ እየጠቆረ ይሄድና አንድ ቀን በራሱ ይያያዛል። "ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው የኖረው፣ ምንም አልሆነ" የሚባል ቧንቧ በአራተኛው ዓመት ቤት የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ደግሞ ያታልላል። ላዩ ጭቃ ነው፣ ውስጡ ግን ማገርና ጭድ ነው። ቧንቧውን በግድግዳው በኩል የምታወጡ ከሆነ ማገሩን በካሬ ቅርጽ ቁረጡና አውጡ። ክፍተቱን ጭድ በሌለው ጭቃ በድንጋይ ሙሉት። ቧንቧው በዚያ ድንጋይ መሃል ይለፍ። በቆርቆሮ ጣሪያ በኩል ከሆነ በአቅራቢያው ያሉትን ወራጅና ማገር ለክታችሁ ቀዳዳውን በመካከላቸው አድርጉ፣ ካልበቃ እንጨቱን አዛውሩት። ቆርቆሮውን ሰፋ አድርጋችሁ ቀዳችሁ ዙሪያውን የላሜራ አንገትጌ አልብሱት፣ ዝናብም አይገባም።

የሣር ክዳን ውስጥ ቧንቧ አታሳልፉ። ቢቻል ማድቤቱ ብቻ ቆርቆሮ ይልበስ። ካልሆነ በግድግዳው አውጥታችሁ ከጣሪያው ጠርዝ አርቃችሁ አቁሙት፣ ጫፉንም ከክዳኑ በደንብ ከፍ አድርጉት። እንዲያም ሆኖ ነፋስ ባለበት ቀን ፍንጣሪ ክዳኑ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ሣር ቤት ላለው ሰው ማድቤቱን ለብቻው መሥራት ነው የምመክረው።

ጫፉ ከጣሪያው በሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል። በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር፣ ከጣሪያው ራስ፣ ከጎረቤት ግድግዳም ቢሆን ደግሞ በ60 ሳ.ሜ. ይብለጥ። የእኛ የመጀመሪያ ማውጫ ሳይሠራ የቀረው እዚህ ላይ ነበር። የሠራልን ባለሙያ ላሜራ ቆጥቦ ከጣሪያው አንድ ስንዝር ብቻ አስወጣው። ጠዋት ጠዋት ጸጥ ሲል ይሠራል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ከጣሪያው ላይ ተጠቅልሎ ይወርድና ጭሱን በማገዶ ማስገቢያው በኩል ይተፋዋል። እናቴ ምጣዱን ትታ ስትሮጥ አስታውሳለሁ። አንድ ሜትር ጨመርንበት፣ ጉዳዩ በዚያው አበቃ። ጫፉ ላይ ለዝናብ ቆብ ይደረግለት፣ ቆቡ ግን ከቧንቧው ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት ያህል ይራቅ። ከተጣበቀ ክዳን ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው እሳት

በመጀመሪያው ቀን ሊጥ አታብኩ። ጥቂት ጭራሮ ብቻ ለግማሽ ሰዓት አንድዱና አጥፉ። በማግስቱ ትንሽ ጨምሩ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጨምሩ። ሲሚንቶው ውስጥ የቀረ እርጥበት በድንገት ከጋለ ምድጃው ይሰነጠቃል።

ስበቱን በእጣን ሞክሩ። ፍም ላይ ትንሽ እጣን አድርጋችሁ ማገዶ ማስገቢያው አፍ ላይ ያዙት። ጢሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ማውጫው ይሠራል። ወደ እናንተ ከመጣ ቧንቧው ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ጋዜጣ ጨብጣችሁ ከቧንቧው ሥር አቃጥሉና እንደገና ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ መጋጠሚያዎቹን፣ ቆቡንና የጫፉን ቁመት እዩ። ስበቱ ሳይስተካከል መጋገር አትጀምሩ።

ማገዶው

ከጭሱ አብዛኛው የሚመጣው ከእርጥብ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ እንደተቆረጠ ቶሎ ይፈለጥ፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። የተፈለጠው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ተመሳቅሎ፣ ከላይ ብቻ ተከድኖ ቢያንስ 6 ወር ይቆይ። በክረምት ለምታነዱት በበጋው መጀመሪያ አስቡበት።

መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጩ። ደረቁ "ቀጭ" ይላል፣ እርጥቡ ድምፁ ይታፈናል። የደረቀው ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ቅርፊቱም በእጅ ይነሳል። እየነደደ ጫፉ ላይ አረፋ የሚያወጣና የሚያፏጭ እንጨት ገና ውኃ አለበት።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ በአንዴ ቦግ ይላል። እፍኝ እፍኝ ብቻ አስገቡ፣ ፊታችሁንም መልሱ።

እሳት ለማያያዝ ፌስታል ወይም የጎማ ቁራጭ መጠቀም በየቤቱ አለ። እባካችሁ ተዉት። ያ ጥቁር ጭስ እንጀራው ላይም ሳንባ ውስጥም ይገባል። ቀለም የተቀባ ጣውላና ቺፑድም እንዲሁ አይነደድም። ላምባ ደግሞ የባሰ ነው፦ እሳቱ የጠፋ መስሏችሁ ፍም ላይ ስታፈሱበት ተንኖ ይፈነዳና ነበልባሉ ተመልሶ ጄሪካኑን ይይዛል። ደረቅ ጭራሮና ትንሽ ወረቀት ይበቃል።

እየጋገራችሁ

እሳቱን በትንሹ መግቡት። ምርጥ እንደ ጉልቻ ብዙ ማገዶ አይፈልግም። አፉ እስኪሞላ ከጠቀጠቃችሁበት አየር ያጥረዋል፣ ይጨሳል። ሁለት ሦስት ቀጫጭን ፍልጥ አስገቡና ሲያልቅ ተኩ። ግማሹ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚነድ ረጅም ግንድ አታስገቡ፣ ሲነድ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ይወድቃል። እፍ ለማለት ማጎንበስ ካስፈለጋችሁ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ወይም አፉ ታፍኗል።

ነጠላ ከትከሻ ይውረድ፣ ወይም ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ይታሰር። ናይለን ቀሚስና ሻርፕ ማድቤት አይግባ፣ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የጎመን ዘር የጠጣው ማሰሻ ጨርቅ ማገዶ ማስገቢያው አጠገብ አይቀመጥ። በጎን በኩል በሳህን ላይ አድርጉት። አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ባልዲ አሸዋ በር አጠገብ ይኑር። ዘይት ከተያያዘ ውኃ አትድፉበት። አክንባሎ ወይም ክዳን ድፉበትና ታፍኖ ይጥፋ።

ሕፃን አዝሎ መጋገር የብዙ እናት ግዴታ ነው፣ አውቃለሁ። ለዚያች ለሁለት ሰዓት ልጁን የሚይዝ ሰው ካለ ግን ይያዝላት።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን እሳት ዳር መቀመጥ የለበትም። ወድቆ እሳት ውስጥ ሲገባ "ይጋባል" ተብሎ ሰው ለማንሳት የሚፈራበት ጊዜ አለ። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ፈጥናችሁ አውጡት።

ፍሙን ወደ ቤት አታስገቡ

እንጀራው አልቆ የሚቀረው ፍም ያጓጓል። ብርድ ነው፣ መኝታ ቤቱ ይሞቃል፣ አራስም ልትኖር ትችላለች። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህን እንዳታደርጉ ነው። ፍም የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ሰው በተኛበት ይሞታል። በየዓመቱ በብርድ ወራት ቤተሰብ በሙሉ ያልነቃበትን ዜና እንሰማለን።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። በር መስኮት ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ወተት መጠጣት መድኃኒት አይሆንም። ወደ ውስጥ ተመልሶ መተኛት ደግሞ አይሞከርም።

ሰው ከተቃጠለ

ልብስ ከተያያዘ አትሩጡ፣ ሩጫ እሳቱን ያጋግለዋል። መሬት ላይ ተጋድማችሁ ተንከባለሉ፣ ወይም ሌላ ሰው በወፍራም ጋቢ ይጠቅልላችሁ።

የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ እጠቡት። ቧንቧ ከሌለ ከጄሪካን በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዙ። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ቅቤ፣ ጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ማር አይቀባም። ሙቀቱን ውስጥ ያስቀሩታል፣ ሐኪሙም ቁስሉን ማየት ያቅተዋል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ፊት፣ እጅ፣ መጋጠሚያ ወይም ሕፃን ከሆነ፣ ከመዳፍም የሚሰፋ ከሆነ ሐኪም ቤት ውሰዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። ማድቤቱ በር ላይ በትልቁ ጻፉት።

አመድና ጥቀርሻ

አመድ ውስጥ ረመጥ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ላዩ ግራጫ ሆኖ ውስጡ ይግላል። ስለዚህ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዕቃ ይወጣና ከቤት ርቆ ባዶ መሬት ላይ ይደር። በማዳበሪያ ወይም በካርቶን አይቀመጥም።

ቧንቧውን በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ አጽዱት። እርጥብ ማገዶ ያነደደ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያጽዳ። ምድጃው ቀዝቅዞ ቧንቧውን በእንጨት መታ መታ አድርጉና ድምፁን ስሙ። ባዶው ይጮኻል፣ የተዘጋው ድፍን ያለ ድምፅ አለው። የተጠቀለለ ሽቦ በገመድ አስራችሁ ከላይ ወደ ታች ጎትቱ፣ አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። የሚወርደው የሚጣበቅ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ከሆነ እርጥብ እንጨት እያነደዳችሁ ነው። ያ ነገር ይቀጣጠላል። ቧንቧው እንደ ኃይለኛ ነፋስ ሲያጓራ ከሰማችሁ ውስጡ እሳት ይዟል። ማገዶ ማስገቢያውን በላሜራ ዝጉ፣ አየሩን አፍኑት፣ ውኃ ግን አታፍስሱበት፣ የጋለ ቧንቧ ይፈነዳል። ሰዉን አውጡና ለእርዳታ ደውሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቧንቧው ከላይ እስከ ታች ተፈትሾ፣ የተበሳውና የተላቀቀው ሳይለወጥ እሳት አይነድበትም።

እናቴ ማውጫውን የምታጸዳው በየወሩ መጀመሪያ፣ ሊጥ ከማቡካቷ በፊት ነው። ሽቦው የተሰቀለበት ምስማር ማድቤቱ በር ጀርባ ነው።